«ሕዝቡ ጦርነቱን ይደግፋል» የሚል ቁጥር ሲደርሳችሁ እንዴት ታነቡታላችሁ?

በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንድ ስክሪንሾት ገባ። «ከአራት ሩሲያውያን ሦስቱ ጦርነቱን ይደግፋሉ» ይላል። የላከው ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ነው። ሁለት ደቂቃም አልቆየ፣ አጎቴ ከአዲስ አበባ መለሰ፦ «እንግዲያው ሕዝቡ ራሱ የፈለገው ነው፤ ለማን ነው የምናዝነው?» ከዚያ ክርክሩ ጦፈ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ሄደ። እኔ ስክሪንሾቱን ደጋግሜ አየሁት። ማን እንደጠየቀ የለም። መቼ እንደተጠየቀ የለም። ጥያቄው ራሱ የለም። ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ በዚያ ቁጥር ከ140 ሚሊዮን በላይ ሰው ላይ ተፈረደ።

ይሄ ነገር ከልቤ ያሳስበኛል። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ምርጫን የሚተነብይ ጥናት ቢሳሳት ድምፅ ተቆጥሮ ስህተቱ ይታያል። «ሕዝቡ ጦርነቱን ይደግፋል» የሚለው ጥናት ግን ኮሮጆ የለውም። ቢሳሳትም የሚያጋልጠው ነገር የለም። እንደ እውነት ተይዞ ይቀራል፣ መሪዎች ያንን ይዘው ይናገራሉ፣ እኛም ስለ አንድ ሕዝብ ልብ ያወቅን ይመስለናል።

ከዚህ በታች የጻፍኩት እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲደርሰኝ የምሄድበት መንገድ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ስልክ ካላችሁና ትንሽ ትዕግሥት ካላችሁ በቂ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ደረጃ 1፦ ወደ ምንጩ ሂዱ

ስክሪንሾቱን ተዉት። ዜናውንም ለጊዜው ተዉት። ጥናቱን የሠራው ድርጅት ራሱ ያወጣውን ጽሑፍ ፈልጉ። እዚያ ላይ የምትፈልጉት ስድስት ነገር ነው፦ ማን ጠየቀ፣ ማን ከፈለ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ተጠየቀ፣ ስንት ሰው መለሰ፣ በምን መንገድ (በአካል፣ በስልክ፣ በኢንተርኔት)፣ ጥያቄው ቃል በቃል ምን ይላል። ስሙ የተከበረ ድርጅት እነዚህን አይደብቅም። የአሜሪካኖቹ ጋሉፕና ፒው የምርምር ማዕከል፣ የኪየቭ ዓለም አቀፍ የሶሲዮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የሞስኮው ሌቫዳ ማዕከል፣ በአፍሪካ ደግሞ አፍሮባሮሜትር፣ ሁሉም ጥያቄውንና ዘዴውን ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ስድስቱን ካላገኛችሁ እዚያው አቁሙ። ቁጥሩን ለማንም አትላኩት።

ቀኑ ላይ እኛን በተለይ የሚያስት አንድ ወጥመድ አለ። የዘመን አቆጣጠራችን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። ፒው በ2007 እና በ2015 ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው ጠይቋል። ይህንን አንድ ሰው ወደ አማርኛ መልሶ «በ2015 በተደረገ ጥናት» ብሎ ቢጽፈው አንባቢው የሰሜኑ ጦርነት ማብቂያ አካባቢ ያለው ዓመት ይመስለዋል። ጥናቱ ግን ከዚያ ሰባት ዓመት ያህል ይቀድማል። በመሃል አገሪቱ ላይ የደረሰውን እናውቃለን። ስለዚህ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» የሚለውን ካላያችሁ አትመኑ።

እዚህ ላይ ስለ ቴሌግራምና ፌስቡክ ድምፅ መስጫዎችም ልናገር። «ግብፅ ላይ ምን ዓይነት እርምጃ ይወሰድ? ድምፅ ስጡ!» የሚሉት ዓይነት። እነዚህ ጥናት አይደሉም። ብዙ ሺህ ሰው ቢሳተፍም አይደሉም። በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል የድምፅ ካርድ በፖስታ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። በዚያ ዓመት የፕሬዚዳንት ምርጫ ላንደን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ክፍለ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። መጽሔቱ አድራሻ የለቀመው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፣ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ደግሞ ደህና ኑሮ ያለው ነው። መልሶ የላከውም ነገሩ ይበልጥ የከነከነው ሰው ነው። ጆርጅ ጋሉፕ በጣም ባነሰ ሰው አሸናፊውን በትክክል ተናገረ። የቴሌግራም ቻናል ደግሞ ከመጽሔቱም ይብሳል፤ ድምፅ የሚሰጠው ቀድሞውኑ ከቻናሉ ባለቤት ጋር የሚስማማው ነው።

ደረጃ 2፦ ማን ተጠየቀ? ማንስ ቀረ?

ጤፍ የሚገዛ ሰው ከላይ ያለውን ብቻ አይቶ አይገዛም። እጁን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ ከመሃሉም ከሥሩም ዘግኖ ያያል። ናሙና ማለት ይኸው ነው። ቁም ነገሩ የእፍኙ መብዛት አይደለም፣ ከየቦታው መዘገኑ ነው። እያንዳንዱ ሰው የመመረጥ ዕድል ካለው 1,000 ሰው ለትልቅ አገር ይበቃል። አፍሮባሮሜትር በአብዛኛው አገር 1,200 ወይም 2,400 ሰው ነው የሚጠይቀው፣ ያውም ቤት ለቤት ሄዶ በሚናገሩት ቋንቋ።

የስህተቱን መጠን ራሳችሁ ልትገምቱት ትችላላችሁ። አንድን ለመላሾቹ ብዛት ስኩዌር ሩት አካፍሉት። 1,000 ሰው ከሆነ 3 በመቶ ገደማ ወደ ላይም ወደ ታችም። 400 ከሆነ 5፣ 100 ከሆነ 10። የአገሩ ሕዝብ ብዛት እዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም፣ ጅቡቲም ሆነ ኢትዮጵያ ያው ነው። ስለዚህ በ1,000 ሰው ጥናት «51 ደገፈ፣ 48 ተቃወመ» ከተባለ ብዙኃኑ ደገፈ ማለት አይቻልም። እኩል ነው በሉት።

ይሄ ስሌት በጣም የሚጠቅመው ቁጥሩ በትንንሽ ቡድን ሲከፋፈል ነው። ምሳሌው ከእኛው ሰው ነው። የእስራኤል ዴሞክራሲ ኢንስቲትዩት በየወሩ ስለ ጦርነትና ስለ ጸጥታ ይጠይቃል፤ 600 ያህል ሰው በዕብራይስጥ፣ 150 ያህል በአረብኛ። ከኢትዮጵያ የመጡት ቤተ እስራኤላውያንና ልጆቻቸው ከአገሪቱ አይሁዳውያን ውስጥ 2 በመቶ ገደማ ናቸው። ከ600 ሰው 2 በመቶ ስንት ነው? አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ሰው። የስህተቱ መጠን ከ25 በመቶ ይበልጣል። እንግዲህ አንድ ሰው ከእንዲህ ያለ ጥናት ተነስቶ «ኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን ስለ ጋዛ እንዲህ ያስባሉ» ቢላችሁ፣ አይሆንም በሉት። እነሱን ብቻ ለይቶ በብዛት የጠየቀ ጥናት ካላመጣ በቀር አያውቅም። አሜሪካ ያለውም ማኅበረሰባችን እንደዚያው ነው፤ ከ1,000 አሜሪካውያን ናሙና ውስጥ አንድ ሐበሻ ቢገኝ ነው።

ከዚያ የቀሩትን ቁጠሩ። የኪየቩ ኢንስቲትዩት በስልክ ሲጠይቅ በሩሲያ የተያዙት አካባቢዎች አይገቡም፣ አገር ለቀው የወጡትም ሚሊዮኖች አይገቡም። ይህንን ድርጅቱ ራሱ በግልጽ ይጽፋል፣ አንባቢው ግን ይዘለዋል። ስልክ የማያነሳው ሰውም አለ። ፒው አሜሪካ ውስጥ በስልክ ሲጠይቅ በ1997 ከመቶ 36ቱ ይመልሱለት ነበር። በ2018 ግን 6 ብቻ። የቀሩትን 94 ሰዎች ጥናቱ በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በጾታ ሚዛኑን እያስተካከለ ለመተካት ይሞክራል። ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። ነገር ግን የማይመልሰው ሰው ስለ ጦርነት ያለው ስሜት ከሚመልሰው ይለይ እንደሆነ ሚዛኑ አያውቅም።

ደረጃ 3፦ ጥያቄውን ጮክ ብላችሁ አንብቡት

ከሁሉም ብዙ ጊዜ የምወስደው እዚህ ነው። ሃያ ደቂቃ ካላችሁ አሥሩን እዚህ ላይ አጥፉት። የውጭ ጉዳይ ሰው በየቀኑ የሚኖረው ነገር አይደለም። የጤፍ ዋጋ ስንት ገባ ስትሉት ሰው መልሱን ኪሱ ውስጥ ይዞታል። «ወደዚያ አገር ጦር ይላክ ወይ?» ስትሉት ግን ብዙው ሰው መልሱን የሚሠራው እዚያው ቆሞ ነው፤ የሚሠራበት ዕቃ ደግሞ እናንተ የሰጣችሁት ቃል ነው።

በጃንዋሪ 2003፣ የኢራቅ ጦርነት ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው፣ ፒው አሜሪካውያንን «የሳዳም ሁሴንን አገዛዝ ለማብቃት በኢራቅ ወታደራዊ እርምጃ መወሰዱን ይደግፋሉ?» አላቸው። 68 በመቶ ደገፉ። በዚያው ጊዜ አንድ ሐረግ ጨምሮ ጠየቀ፦ በሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ወታደሮች ሊጎዱ ቢችሉም? ድጋፉ 43 ሆነ፣ ተቃውሞው 48። አገሩ ያው፣ ወሩ ያው ነው። የብዙኃኑ ድጋፍ ከተቃውሞው በታች የወረደው ዋጋው ስለተነገረ ነው። እኔ ይህንን ካወቅሁ ወዲህ ስለ ጦርነት ድጋፍ የሚያወራ ቁጥር ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ዋጋው ተነግሯቸዋል ወይ የሚለውን ነው። ብዙ ጊዜ አልተነገራቸውም።

የጥያቄ ቅደም ተከተልም እንደዚያው ነው። በ1948 አሜሪካውያን «የኮሚኒስት አገር ጋዜጠኞች እዚህ መጥተው እንዳዩት ይዘግቡ ዘንድ ይፈቀድላቸው?» ተባሉ። ጥያቄው መጀመሪያ ሲመጣ 37 በመቶ ገደማ አዎ አሉ። ከእሱ በፊት «አሜሪካውያን ጋዜጠኞች ሩሲያ ገብተው እንዳዩት ይዘግቡ?» ሲባሉ ግን ይኸው ጥያቄ 73 በመቶ አዎ አገኘ። ለራሴ ከፈለግሁ ለሌላውም ልስጥ የሚል ስሜት ነው። ስለዚህ መጠይቁን ሙሉውን ካገኛችሁ ከጥያቄው በፊት ምን እንደነበረ እዩ።

የቃሉ ክብደት ሌላ ነው። በ1941 አሜሪካውያን «ዴሞክራሲን የሚቃወም ንግግር ይከልከል?» ሲባሉ 54 በመቶ ይከልከል አሉ። «ይፈቀድ?» ሲባሉ ግን 75 በመቶ አይፈቀድ አሉ። አለመፍቀድና መከልከል በተግባር አንድ ነው። ለጆሮ ግን መከልከል ይከብዳል።

አሁን ወደ አማርኛችን ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙው ጥናት ወደ እኛ የሚደርሰው ተተርጉሞ ነው፤ በውጭ ያሉ የማኅበር አስተባባሪዎችም የራሳቸውን መጠይቅ እያዘጋጁ ነው። አንድን ድርጊት «ጣልቃ መግባት» ስትሉት ሰው ይቃወመዋል። «ማገዝ» ስትሉት ይደግፈዋል። «መስዋዕትነት» እና «ሞት» አንድ ነገር ናቸው፣ ግን አንድ መልስ አያመጡም። «ታጣቂ»፣ «አማፂ»፣ «ነጻ አውጪ»፣ «አሸባሪ» ከሚሉት አንዱን ስትመርጡ መልሱን ግማሽ መንገድ አድርሳችሁታል። ሁለት ጥያቄ በአንድ አፍ አትጠይቁ፦ «መንግሥት የባሕር በር እንዲያገኝና ከጎረቤቶቹ ጋር በሰላም እንዲኖር ይፈልጋሉ?» ሲባል አንዱን ብቻ የሚፈልግ ሰው ምን ይበል? ደግሞም በአማርኛ በአሉታ ጭራሽ አትጠይቁ። «ጦር መላኩን አይደግፉም?» ተብሎ «አዎ» ያለ ሰው «አዎ፣ አልደግፍም» ማለቱ ይሁን «አዎ፣ እደግፋለሁ» ማለቱ አይታወቅም። ይህንን ስህተት አንድ የማኅበር መጠይቅ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ተሰብስቦ፣ ተቆጥሮ፣ ውጤቱ ስብሰባ ላይ ቀርቦ ተጨብጭቦለታል። የተቆጠረው «አዎ» ምን ማለት እንደነበር ግን ማንም አላወቀም።

ደረጃ 4፦ የተጠየቀው ሰው ነገሩን ያውቀዋል?

በ2014 ሩሲያ ክሪሚያን በያዘች ሰሞን ሦስት ተመራማሪዎች 2,066 አሜሪካውያንን ካርታ ሰጥተው ዩክሬን የት እንዳለች ጠቁሙ አሏቸው። በትክክል የጠቆመው ከስድስት ሰው አንዱ ነው። የበለጠው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ዩክሬንን ከትክክለኛ ቦታዋ ይበልጥ አርቆ የጠቆመ ሰው አሜሪካ በጦር እንድትገባ ይበልጥ ይፈልግ ነበር።

በ2015 መጨረሻ ደግሞ አንድ የአሜሪካ ድርጅት በካርቱን ፊልም ውስጥ ብቻ ያለች አንዲት ከተማ ትደብደብ ወይ ብሎ ጠየቀ። በፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ ድምፅ ከሚሰጡ ሪፐብሊካኖች 30 በመቶ ትደብደብ አሉ። ከዴሞክራቶች ደግሞ 19 በመቶ ትደብደብ ሲሉ 36 በመቶ ተቃወሙ። የሌለችን ከተማ ላለመደብደብ አቋም መያዝም ያው አለማወቅ ነው። ሰው «አላውቅም» ማለት ያፍራል፣ በተለይ በስልክ ጨዋ ሰው ሲጠይቀው።

ስለዚህ «አላውቅም» የሚለውን ዓምድ እዩት። ምርጫው ለሰው ቀርቦ ነበር ወይስ በራሱ ካላለ አይጻፍለትም? በውጭ ጉዳይ ጥያቄ ላይ «አላውቅም» ያለው 2 በመቶ ብቻ ከሆነ ብዙ ግምት እንደ አቋም ተቆጥሯል ማለት ነው። መረጃ ሲሰጥ መልስ እንደሚለወጥም አስቡ። አሜሪካውያን ለውጭ እርዳታ ከፌዴራል በጀታቸው ስንት እንደሚወጣ ሲጠየቁ አማካይ ግምታቸው ሩብ ያህል ሆኖ ቆይቷል። እውነተኛው ደግሞ 1 በመቶ ገደማ ነበር። 1 በመቶ መሆኑ ሲነገራቸው «በዝቷል» የሚሉት በእጅጉ ቀነሱ። እርዳታው በሚደርስበት አገር ለምንኖር ይሄ ተራ ነገር አይደለም።

ደረጃ 5፦ መላሹ ይፈራል?

በር ተንኳኩቶ አንድ የማታውቁት ሰው «መንግሥት ስለሚያካሂደው ጦርነት ምን ያስባሉ?» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? እኔ ልጆቼ ፊት ተቀምጠው እውነቱን እመልሳለሁ ብዬ አልምልም። ጎመን በጤና የሚለው ብሂል የእኛ ብቻ አይደለም።

ሩሲያን እንውሰድ። ሌቫዳ የሚከበር ድርጅት ነው። መንግሥት በ2016 «የውጭ ወኪል» ብሎ ፈርጆታል፣ እሱ ግን አሁንም ይሠራል። 1,600 ያህል ሰው ቤት ለቤት ይጠይቃል። በማርች 2022 የሩሲያ ጦር ኃይሎች በዩክሬን የሚያደርጉትን እደግፋለሁ ያለው 81 በመቶ ነበር። በዚያው ወር ስለ ጦሩ «ሐሰተኛ መረጃ» የሚያሰራጭን እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር ሕግ ወጥቷል። ይህንን አጠገቡ ሳታስቀምጡ 81ን አትጥቀሱት።

ግን «ሁሉም ፈርቶ ነው» ብሎ መዝለልም ልክ አይደለም። ፍርሃትን መለኪያ መንገድ አለ። ሰዎቹን በዕጣ ለሁለት ትከፍሏቸዋላችሁ። ለመጀመሪያው ቡድን ጥቂት ተራ ነገሮች ትዘረዝሩና «የትኞቹን እንደሚደግፉ አይንገሩኝ፣ ስንቱን እንደሚደግፉ ብቻ ይንገሩኝ» ትሏቸዋላችሁ። ለሁለተኛው ቡድን ያንኑ ዝርዝር ሰጥታችሁ ጦርነቱን ትጨምሩበታላችሁ። ማንም ስለ ጦርነቱ ለብቻው አልተናገረም፣ ስለዚህ የሚፈራበት ነገር የለም። የመጀመሪያው ቡድን አማካይ 1.5 ሆኖ የሁለተኛው 2.1 ቢሆን፣ ልዩነቱ 0.6 ነው፤ ከመቶ 60 ሰው ጦርነቱን ይደግፋል ማለት ነው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል ነው ያመጣኋቸው። በእውነተኛው ጥናት፣ በ2022 ሁለት ተመራማሪዎች ሩሲያውያንን በኢንተርኔት እንዲህ ጠይቀው፣ በቀጥታ ሲጠየቁ 68 በመቶ የነበረው ድጋፍ በዝርዝሩ መንገድ 53 ሆነ። አሥራ አምስት ነጥብ ፍርሃትና ይሉኝታ ነው። ግማሹ የሚሆነው ግን ማንም ሳያየውም ይደግፍ ነበር። ሁለቱንም እውነት አንድ ላይ መያዝ ከባድ ነው፣ ግን እንደዚያ ነው።

አንድ ሌላ ጥሩ ምልክት አለ። አፍሮባሮሜትር ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ «እኛን ማን የላከን ይመስልዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። መላሹ የመንግሥት ሰው ነው የመጣብኝ ብሎ አስቦ ከሆነ እዚያ ላይ ይታያል። ጠያቂው መንግሥት የላከኝ አይደለሁም ቢልም ያላመነው ሰው ይኖራል። መንግሥት ልኮታል ያሉትንና ሌላ ያሉትን መልስ አነጻጽራችሁ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ፍርሃት አለ ማለት ነው። የጥናቱ መረጃ በነጻ ስለሚለቀቅ ይህንን ለማድረግ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም።

ይሉኝታም ራሱን የቻለ ነው። ሰው ፖሊስ ባይፈራ እንኳ ጎረቤቱን ይፈራል። ወንድሙ ግንባር ላይ ያለ ሰው «የጦር ኃይሎቻችንን ድርጊት ይደግፋሉ?» ሲባል ጥያቄውን የሚሰማው «ወንድምህን ትደግፋለህ?» ተብሎ ነው።

ደረጃ 6፦ አንድ ፎቶ ሳይሆን ተከታታዩን እዩ

ጦርነት ሲጀመር ሕዝብ ከመሪው ጀርባ ይሰለፋል። ፖለቲካል ሳይንቲስቱ ጆን ሙለር በ1970 ነው ይህንን ለክቶ የጻፈው። ታናሹ ቡሽ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በፊት በነበሩት ቀናት ድጋፉ 51 በመቶ ነበር፣ በዚያው ወር መገባደጃ 90። አባቱም በኩዌት ጦርነት ማግስት 89 ደርሶ በ1992 ክረምት 29 ላይ ወደቀ፣ ምርጫውንም ተሸነፈ። እንግዲህ በጦርነቱ የመጀመሪያ ሳምንታት የተወሰደ ቁጥር ከሆነ የያዛችሁት፣ የሰውን አቋም ሳይሆን ድንጋጤውን ነው የያዛችሁት።

ዋጋ ያለው ያንኑ ጥያቄ፣ ያው ድርጅት፣ በዚያው መንገድ ለዓመታት ሲደጋግመው ነው። ጋሉፕ «ወታደሮቻችንን ወደ ቬትናም መላካችን ስህተት ነበር?» ሲል በኦገስት 1965 ስህተት ነበር ያለው 24 በመቶ ነው። በ1971 61። በኢራቅም በማርች 2003 23 በመቶ ብሎ ጀምሮ በአምስት ዓመት ውስጥ 60 አለፈ።

የኪየቩ ኢንስቲትዩት ተከታታይ ደግሞ ዛሬ ላይ ያለ ምሳሌ ነው። ጦርነቱ ቢረዝምም ዩክሬን በምንም ሁኔታ መሬቷን መስጠት የለባትም የሚሉት በሜይ 2022 82 በመቶ ነበሩ። በሜይ 2024 55፣ በዲሴምበር 2024 51። ሰላም ቶሎ እንዲመጣ የተወሰነ መሬት ቢሰጥም ይቻላል የሚሉት ከ10 ወደ 38 ወጡ። ይህንን አንዳንዱ «ዩክሬናውያን እጅ ለመስጠት ተዘጋጁ» ብሎ አሰራጭቶታል። ተከታታዩ ያንን አይልም። ደክሟቸዋል ይላል፣ ለሁለት ሊከፈሉ ተቃርበዋል ይላል። የትኛው መሬት፣ በምን ዋስትና የሚለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ የለም።

ደረጃ 7፦ ጻፉት፣ ከዚያ ላኩት

ለሰው ስትልኩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠያቂውን፣ ወሩን፣ የተጠየቀውን ቃልና የቀረውን ሰው አስገቡ። ይረዝማል። ይርዘም። እኔ ለቤተሰብ ግሩፓችን የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦

«ጋሼ፣ ቁጥሩ የሌቫዳ ነው። 1,600 ያህል ሰው ቤታቸው ተሄዶ ነው የተጠየቁት። ጥያቄው ‹ጦርነቱን ይፈልጋሉ?› አይደለም፣ ‹የጦር ኃይሎቻችንን ድርጊት ይደግፋሉ?› ነው። ከደጋፊዎቹ ሲሶ ያህሉና ከዚያም በላይ ‹በእርግጥ እደግፋለሁ› ሳይሆን ‹ከመቃወም ይልቅ እደግፋለሁ› ዓይነት መልስ ነው የሰጡት። በተቃራኒው መናገር የሚያሳስር አገር ነው። በሌላ መንገድ የጠየቁ ተመራማሪዎች በ2022 ግማሽ ገደማ ነው ያገኙት።»

አጎቴ ሊንኩን ከፍቶ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጻፈ፦ «እንዲቆምስ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቀዋቸዋል?»

ጠይቀዋቸዋል። ሌቫዳ በ2023 መኸር «ፕሬዚዳንቱ ጦርነቱን በዚህ ሳምንት ለማቆም ቢወስኑ ይደግፋሉ?» ብሎ ነበር። 70 በመቶ ገደማ አዎ አሉ። የተያዘው መሬት እንዲመለስ ጭምር ቢሆንስ ሲባሉ አዎ ያሉት ሲሶ ያህል ብቻ ናቸው። ሁለቱንም ቁጥሮች ላክሁለት።